ውርጭ ያልመታው እግር

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የኅዳርን ማለዳ የቀመሰ ሰው ስለ ውርጭ ማንም እንዲነግረው አይሻም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት ሌሊት ማግስት ሜዳው ነጭ ነጠላ የተነጠፈበት መስሎ ያድራል። ጭቃው ይጠጥራል፤ በባዶ እግር የሄደ እረኛ ከብቱ ከተኛበት እያስነሣ በሞቀው መሬት ላይ ይቆማል። ፀሐይ ወጥታ አመዳዩ ሲቀልጥ የባቄላው ቅጠል የፈላ ውሃ እንደተደፋበት ሁሉ ጠውልጎ ይጠቁራል። ገበሬው «ውርጭ መታው» ይላል፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አክስቴም ስለ እግሯ ስትጠየቅ መልሷ ይኸው ነበር። «ውርጭ ነው የመታኝ» ትላለች።

እትዬ ነበር የምንላት። ሃያ ዓመት ሳይሞላት የግራ እግሯ ጣቶች ማታ ማታ ያቃጥሏት ጀመር። ከዚያ እግሯ አበጠ፤ እብጠቱ ወደ ላይ ወጥቶ ከጉልበቷ በታች ቆመ። ቆዳዋ እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻከረ። በየጊዜው ይነሣባትና ብርድ ብርድ እያላት፣ እያንቀጠቀጣት ለቀናት ትተኛለች። እኛ ልጆቹ ዝሆኔ የሚለውን ቃል በቤት ውስጥ እንዳናነሣ ተከልክለን ነበር ያደግነው። ጎረቤት ግን ያነሣዋል። አንዱ የእባብ አጥንት ረግጣ ነው ይላል፤ ሌላው መተት ነው ይላል፤ ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የዘር ነው» ይላል። ከሁሉ የከፋው ይህ ሦስተኛው ነበር። ልጇ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ከታጨች በኋላ የወንድ ወገን ሽማግሌዎች ምክንያቱን ሳይናገሩ ቀሩ። ምክንያቱን የማያውቅ ግን አልነበረም።

እትዬ ውርጭን የመረጠችበትን ምክንያት የገባኝ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ውርጭ ዘር የለውም። የማንንም አያትና ቅድመ አያት አያስጠይቅም። የደጉንም የክፉውንም ማሳ እኩል ይመታል።

ይህን በሽታ ያዩ የውጭ ሐኪሞች መጀመሪያ የጠረጠሩት ትልን ነው። ለመጠርጠራቸውም ምክንያት ነበራቸው። እግርን እንደ ዝሆን እግር የሚያሳብጠው ፊላሪያ የተባለው ትል በሌላው ዓለም የታወቀ ሲሆን፣ ፓትሪክ ማንሰን የተባሉት ስኮትላንዳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1877 በቻይናዋ የአሞይ ወደብ ሳሉ የትሉ እጭ ከሰው ደም ወደ ትንኝ እንደሚገባ ደርሰውበታል። እጮቹ በብዙ አገር በደም ውስጥ የሚታዩት በውድቅት ሌሊት ስለሆነ ደሙም የሚወሰደው በእኩለ ሌሊት ነው። ነገር ግን ከደጋው ሕመምተኛ በሌሊት ደም ቢወሰድ ትል የለም። ፊላሪያ በእኛ አገር የተገኘው እንደ ጋምቤላ ባለው ቆላ ነው። ባቄላን በውርጭ በሚያቃጥል አገር ትሉ በትንኝ ውስጥ አድጎ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍበት ሙቀት የለም። እንግዲህ ትል ካልሆነ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1969 ኦመን የተባሉ ሐኪም የጥናታቸውን ውጤት አወጡ። ሕመምተኛው ሐኪም ቤት ስለማይመጣ እሳቸው ገበያ ሄዱ። በ56 ገበያዎች ከ240 ሺህ በላይ ገበያተኛ አስቆጥረው፣ ከመቶው 2.7 ያህሉ እግሩ ያበጠ ሆኖ አገኙት። መቼም የአገራችንን ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህን ዘዴ ሳያደንቅ አያልፍም፤ ቤት ዘግቶ የሚደበቅ ሰው እንኳ ጨው መግዣ ቀን አለው።

ከዚያ ኧርነስት ፕራይስ መጡ። እኒህ ብሪታንያዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም በ1970ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) የተመለከቱት እግሩን ብቻ ሳይሆን እግሩ የቆመበትን መሬት ጭምር ነበር። የፊላሪያ እብጠት ብዙውን ጊዜ ከብሽሽት አካባቢ ሲነሣ፣ የደጋው ግን ከእግር ጣት ጀምሮ ሽቅብ ይወጣል። ጫማ የሚያደርገው ሰው አይታመምም። በሽታው በብዛት የሚታየው ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኘው፣ እሳተ ገሞራ ከተፋው ዐለት በተፈጠረው ቀይ አፈር ላይ ነው። ይህ የጎጃም መልክ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። የጮቄ ተራራ ራሱ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከሱ የሚወርዱት ወንዞች የሚያቆራርጡት አገር፣ እትዬ ውሃ የቀዳችበትና እንጨት የለቀመችበት መንገድ ሁሉ የዚያ እሳት አመድና ትፋት ብስባሽ ነው።

ዳሩ ግን ካርታ ማስረጃ አይሆንም። ቀይ አፈር ላይ የሚኖረው ሰው ድሀም ነው፤ ድሀ ደግሞ በሽታው ብዙ ነው። ፕራይስን «አፈሩ ከቆዳ ሥር መግባቱን አሳየን» ቢሏቸው ምን ሊያሳዩ ነው? ታሪኩ ወደ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው።

ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕን ጀርመናውያኑ ማክስ ክኖልና ኧርንስት ሩስካ እ.ኤ.አ. በ1931 ሠሩት። በብርሃን ፈንታ በኤሌክትሮን ጨረር ያያል፤ ስለዚህም ተራው ማይክሮስኮፕ የማይደርስበትን ያሳያል። ሁለት ነገር ግን አይወድም፤ ውፍረትንና ውሃን። ጨረሩ ወፍራም ነገር ውስጥ አያልፍም፤ ውስጡም አየር የተመጠጠ ባዶ ስለሆነ ውሃ ያለበት ሥጋ ሲገባበት ውሃው ተንኖ ሥጋው ይጨማደዳል። የሰው ሥጋ ደግሞ በአብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ የዚህ መሣሪያ ታሪክ ግማሹ ውሃን የማሸነፍ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፕራይስ በሠሩበት ዘመን የተለመደው አሠራር ማድረቅ ነበር። ሥጋው በኬሚካል ይጠነክራል፤ ውሃው በአልኮል ቀስ በቀስ ይተካል፤ አልኮሉም በተራው በሙጫ ይተካና ሙጫው ይደርቃል። ከዚያ በተሰበረ መስታወት ጠርዝ ወይም በአልማዝ ቢላዋ ይላጋል። ልጉ ከ60 እስከ 90 ናኖሜትር ይደርሳል። የራስ ፀጉራችንን ውፍረት ለማግኘት እንዲህ ያለውን ልግ ሺህ ያህል መደራረብ ያስፈልጋል። ከቢላዋው ጀርባ ባለ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ብር የመሰለ ቀለም ይሰጣል። ባለሙያው ሦስት ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት የመዳብ ወንፊት ይቀልበዋል። አንድ ጊዜ በውጭ አገር እንዲህ ያለ ክፍል ለመጎብኘት ዕድል ገጥሞኝ ባለሙያዋ ትንፋሿን ይዛ ስትሠራ ባይ፣ ጤፍ በቅንጣት የምትቆጥር መሰለችኝ።

እ.ኤ.አ. በ1978 ፕራይስና ሄንደርሰን የተባሉት የሥራ ባልደረባቸው ውጤቱን አሳተሙ። የተመረመረው በብሽሽት በኩል ያለው፣ ሲያብጥ ንፍፊት የምንለው ዕጢ ነው። ከእግር የሚመለሰው ፈሳሽ የሚጣራው በዚያ ነውና አንድ ነገር በእግር ገብቶ እንደሆነ የሚያዘው እዚያ ነው። በዕጢው ውስጥ ባዕድ ነገርን የሚውጡት ሴሎች ሆዳቸው ሞልቶ ተገኘ። ጨረሩ ያረፈበት ነገር እንደ ባሕርዩ ኤክስሬይ ስለሚመልስ፣ የተዋጠው ምን እንደሆነ ለማወቅ ተቻለ። ሲሊከንና አሉሚኒየም ናቸው። በሰው ሥጋ ውስጥ እንዲህ ሆነው ሊገኙ የማይገባቸው፣ በቀይ አፈር ውስጥ ግን የሞሉ። ቅንጣቶቹ በአብዛኛው ከሁለት ማይክሮን በታች፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር አምስት መቶኛ ያነሱ ናቸው። በተሰነጠቀ ተረከዝ በኩል ለመግባት የሚያዳግታቸው አይመስልም።

አፈሩ ከገባ በኋላ የሚያደርሰው ጉዳትም ቢሆን ሥውር አይደለም። ቅንጣቱን የዋጠው ሴል ሊፈጨው አይችልም፤ በዙሪያው ቁጣ ይነሣል፤ የፈሳሹ ቧንቧ ይጠብና ይደፈናል፤ ወደ ላይ መመለስ የነበረበት ውሃ እግር ውስጥ ይቀራል። ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1984 ከግሪክ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉት ቃላት ስም አወጡለት፤ ፖዶኮኒዮሲስ።

ጠንቃቃ ሰው ግን ሁለት ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። አንደኛው የዝግጅቱ ጥያቄ ነው። መስታወት ራሱ ሲሊከን ነው፤ በመስታወት ቢላዋ ስትልግ የቢላዋው ስብርባሪ ልጉ ላይ ቢቀርስ? በየጠርሙሱ ሲታጠብና ሲነከር ከክፍሉ አቧራ ቢገባበትስ? ደግሞስ በአልኮል የታጠበ ሥጋ በውስጡ የሟሟውን ሁሉ ይዞ ይቆያል ወይ? አይቆይም። ቅንጣቱ ድንጋይ ስለሆነ ባለበት ይቀራል፤ በዙሪያው ሟሙቶ የነበረው ግን ከአልኮሉ ጋር ይሄዳል። አፈሩ አለ ወይስ የለም ለሚለው ጥያቄ የማድረቅ ዘዴ ይበቃ ነበር። አፈሩ በሴሉ ውስጥ ምን ያደርጋል ለሚለው ግን ሴሉን ከነውሃው ማየት ይጠይቃል፤ ከነውሃው ለማየት ደግሞ ውሃውን ማቀዝቀዝ የግድ ነው።

ማቀዝቀዝ ሲባል የባቄላው ነገር ይመጣል። ውሃ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ሞለኪዩሎቹ ሰልፍ ይዘው የበረዶ ቅንጣት ይሠራሉ፤ ቅንጣቱ እያደገ ከሴሉ ውሃ ይስባል፣ ግድግዳውንም ይበጣጥሳል። ኅዳር ላይ በቅጠሉ የሚሆነው ይኸው ነው። በማይክሮስኮፕ ቢታይ የሚታየው ሴል ሳይሆን ውርጭ የጨፈጨፈው የሴል ሬሳ ነው። ባለሙያዎቹ ከውርጭ ጋር የገቡት ትግል አርባ ዓመት ያህል ፈጀ። የአልማዝ ቢላዋን ያስተዋወቁት የቬኔዙዌላው ተወላጅ ኡምቤርቶ ፌርናንዴስ ሞራን በ1950ዎቹ የቀዘቀዘ ሥጋ መላግን ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 ኪዮቴሩ ቶኩያሱ የተባሉ ጃፓናዊ ሥጋውን አስቀድሞ በጥቅጥቅ የስኳር ውሃ መንከርን አመጡ፤ ስኳሩ የውሃውን ሰልፍ ያፈርስና በረዶ እንዳይሠራ ይከለክለዋል። ከዚያ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ ይላጋል፤ ልጉም በአንዲት የስኳር ጠብታ ይለቀማል።

ይህን ሳነብ የሳቅሁበት ምክንያት አለኝ። በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ባለ አንድ ቀበሌ የእንስሳት አዳቃይ ባለሙያ ይዞት የሚዞረውን ጋን የመሰለ ዕቃ ሲከፍት ነጭ ጉም ሲተን ያየነውን ያስታወሰኝ ነበር። በውስጡ ያለው ያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ። የኮርማው ዘር በረዶ እንዳይወጋው የሚጨመርበት ግሊሰሪን የተባለ ዝልግልግ ነገርም ከቶኩያሱ ስኳር ጋር ሥራው አንድ ነው። የጎጃም ላም ይህን ጥበብ የምታውቀው ከእኛ ቀድማ ነው።

ቁም ነገሩ ላይ የደረሱት ስዊዘርላንዳዊው ዣክ ዱቦሼ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 በጀርመን ሃይድልበርግ ከረዳታቸው ከማክዶዋል ጋር በስስ የተዘረጋ ውሃ በናይትሮጅን በቀዘቀዘ ኤቴን ውስጥ በቅጽበት ሲነከር ምን እንደሚሆን አሳዩ። በሴኮንድ ከአሥር ሺህ ዲግሪ በላይ ሲወርድበት ውሃው ለመሰለፍ ጊዜ አያገኝም፤ እንደተዘበራረቀ ደርቆ መስታወት ይሆናል። በረዶ ያልሆነ የቀዘቀዘ ውሃ ማለት ነው። ከዜሮ በታች ከ135 ዲግሪ ገደማ በላይ ካልሞቀ በዚያው ይቆያል። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከሁለቱ አንዱ ሪቻርድ ሄንደርሰን ይባላሉ፤ ከፕራይስ ጋር የሠሩት ሄንደርሰን ግን ሌላ ናቸውና አንባቢ እንዳይሳሳት።

ሥጋን በዚህ መንገድ ማዘጋጀት ከውሃ ይልቅ ይከብዳል። ወፍራም ስለሆነ ቅዝቃዜው ወደ መሐሉ እስኪደርስ መሐሉ በረዶ ይሠራል። ስለዚህ ከሁለት ሺህ የከባቢ አየር በላይ በሆነ ግፊት ተጨምቆ ይቀዘቅዛል። ልጉ የሚንሳፈፍበት ውሃ የለም፤ ደረቅ ነው፤ ይጠቀለላል፤ እንደ ሐር ክር ይበራል። ባለሙያዎቹ የሚይዙት በምን መሰላችሁ? በእንጨት ጫፍ ላይ በተለጠፈ የዓይን ሽፋሽፍት! የመጨረሻው ጠላትም ትንፋሽ ነው። ከባለሙያው አፍ የወጣው እርጥበት በልጉ ላይ ያርፍና አመዳይ ይሆናል። ይህን ሁሉ ተጠንቅቀህ ውርጭ መልሶ ይመታሃል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። እነፕራይስ የመረመሩት የታመሙትን ብቻ አልነበረም። በባዶ እግራቸው የሚሄዱ፣ ግን እግራቸው ያላበጠ ሰዎች ዕጢ ውስጥም ያው አፈር ተገኘ። ታዲያ አፈሩ የሁሉ ከሆነ በሽታው ለምን የጥቂቶች ሆነ?

መልሱ ሲመጣ፣ እውነቱን ልናገርና፣ አልወደድሁትም። እ.ኤ.አ. በ2007 በደቡብ ኢትዮጵያ ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት ለበሽታው የመጋለጥ ልዩነት 63 በመቶ ያህሉ ከውርስ ጋር የተያያዘ መሆኑን አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው፣ ሰውነት የራሱንና የባዕድን ነገር ከሚለይባቸው የዘር ቅንጣቶች አንዳንዶቹ በሕመምተኞቹ ዘንድ በርከት ብለው እንደሚገኙ አሳተሙ። የአፈሩን ቅንጣት ሁሉም ይውጣል፤ የአንዳንዱ ሰውነት ግን ይቆጣል። እንግዲህ ያ በዝቅተኛ ድምፅ «የዘር ነው» ይል የነበረው ጎረቤት ትክክል ነበር ልንል ነው?

ብዙ አሰብሁበት። ጎረቤቱ ትክክል አልነበረም። እሱ ያለው ደሟ ተበላሽቷል ነው፤ ጥናቱ ያለው አፈር ካልገባ ያ ውርስ አንዳች አያመጣም ነው። ከዚያው ቤተሰብ ተወልዶ ከልጅነቱ ጫማ ያደረገው ልጅ አይታመምም። የሸሹት ሽማግሌዎች መጠየቅ የነበረባቸው «እናቷ ምን ሆነች?» ሳይሆን «ልጅቱ ጫማ አላት ወይ?» ብለው ነበር። ለዚያ ጥያቄ የሚሆን መልስ ግን ያን ጊዜ በእነሱም ቤት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2011 በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት በተደረገ ቆጠራ 15 ዓመት ከሞላው ሰው ከመቶ 3.3 ያህሉ ሕመምተኛ ሆኖ ሲገኝ፣ ከሕመምተኞቹ ግማሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማ ያደረገው 22 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው በኋላ ነው። ያ «ይነሣባታል» የምንለው ሕመምም በዓመት በአማካይ 90 ቀን ያስተኛል ተብሎ ተመዝግቧል። የእርሻ ሰው ከዓመቱ ሩቡን ተኝቶ!

የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ችላ ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው በዚያው ዓመት ነው። በኋላም በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕመምተኞች ላይ ሙከራ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። ሕክምናው እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። ቀን በቀን እየተመዘገበ ሲቆጠር፣ ሕክምናውን ወዲያው በጀመሩት ላይ ሕመሙ በዓመት 19.4 ጊዜ ሲነሣ፣ ተራቸውን ይጠብቁ በነበሩት ላይ 23.9 ጊዜ ተነሥቷል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። እትዬ ግን አራት ጊዜ መተኛት የሚቀርላት ቢሆን ትንሽ ነው ባላለችም ነበር።

እሷ ሳሙናውና ጫማው የደረሰላት በእርጅናዋ ነው። የገበያ ጫማ ስለማይበቃት በልኳ የተሰፋ ሰፊ ጫማ አገኘች፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስታወልቀው ድንጋይ ላይ እንጂ መሬት ላይ አታስቀምጠውም ነበር። አንድ ቀን ማታ እግሯን በሳፋ ስትታጠብ ይህን ሁሉ ላስረዳት ሞከርሁ። የሰው ሥጋ ከሽንኩርት ልጣጭ በሺህ እጅ ቀጥኖ እንደሚላግ፣ በውስጡም አፈር መገኘቱን ነገርኋት። ሳፋው ውስጥ ያለውን ውሃ ብዙ ጊዜ ተመለከተችው።

«ውርጭ አይደለማ?» አለችኝ።

«አይደለም።»

«እነዚያ ሽማግሌዎች ይህን ያውቃሉ?»

አንዳቸውም በሕይወት እንደሌሉ ነገርኋት። ፎጣውን ተቀብላኝ በጣቶቿ መካከል፣ ነርሷ እንዳስተማረቻት፣ አንድ በአንድ ማድረቅ ጀመረች።

«የልጅ ልጆቻቸው አሉ» አለች። «እነሱን ንገርልኝ።»